ከመጠጥ ለመውጣት የድጋፍ ቡድን እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይገባል?

(በደሴ ለቅሬ፣ ማለትም ለእድር፣ ዳኞችና ለቤተሰቦች ከቀረበ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ የቅሬ ዳኞች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፦

በአእምሮ ጤና ሥራ ላይ ያለ ሰው በዚህ ከተማ ደጋግሞ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ አለ ይባላል፤ የት ነው?» የሚል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ጠጪው ራሱ አይደለም፤ ሚስቱ ናት፣ እናቱ ናት፣ አንዳንድ ጊዜም ከመካከላችሁ እንደ አንዱ ያለ የቅሬ ዳኛ ነው። የሚጠበቀው መልስ ደግሞ የሰፈር ስም ነው፤ ፒያሳ ነው፣ ቧንቧ ውሃ ነው፣ ሆጤ ነው እንዲባል። እኔ ግን መልሴን የምጀምረው በሌላ ጥያቄ ነው፤ «አብሮት የሚሄደው ማን ነው?» እላለሁ። ዛሬም ልናገር የመጣሁት በዋናነት ስለዚሁ አብሮ ስለሚሄደው ሰው ነው።

የዚህ ዓይነቱ ስብሰባ የተጀመረበት ታሪክ ራሱ አንድ ሰው ሌላ ሰው ፍለጋ ያደረገው ስልክ ጥሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሜይ ወር ላይ ቢል ዊልሰን የተባለ፣ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ይሠራ የነበረ ሰው፣ ለሥራ ጉዳይ በኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው አክሮን ከተማ ሄዶ ነበር። መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ የሄደበት ጉዳይ ደግሞ ሳይሳካ ቀርቷል። በሆቴሉ አዳራሽ ቆሞ ሳለ ከአንዱ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ ይሰማዋል፣ በሌላው ወገን ስልክና የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር ይታየዋል። እሱም ወደ ስልኩ ሄዶ ለአንድ የማያውቀው ቄስ ደወለና እንደ እሱ ከመጠጥ ጋር የሚታገል ሰው ሊያገናኘው ይችል እንደሆነ ጠየቀው። በዚያ ጥሪ ተያይዞ፣ በአንዲት ሴት አስተዋዋቂነት፣ ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆይም ብሎ ነበር የመጣው፤ ወሬው ከስድስት ሰዓት በላይ ወሰደ። ዶክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 ዛሬ በዓለም ላይ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ፣ የሚባለው ኅብረት የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ሁለቱ ሰዎች ሦስተኛ ለማግኘት የሄዱት ደግሞ ወደ ከተማው ሆስፒታል ነው፤ አልጋ ላይ የተኛ አንድ ጠበቃ አገኙ፤ እሱም ከእነሱ ጋር ቀጠለ።

ይህን ያነሣሁት የአሜሪካንን ታሪክ ለመተረክ አይደለም። አንድ ሰው ስልክ አንሥቶ ማገናኘቱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ኋላ ላይ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት 20 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ለግማሾቹ ስብሰባው የትና መቼ እንደሆነ ተነገራቸውና እንዲሄዱ ተመከሩ። ለሌሎቹ ግን አማካሪው እነሱ ተቀምጠው እያዩ ለአንድ የቡድኑ አባል ደወለ፤ አባሉም አነጋገራቸው፣ ወስዶ እንደሚያስገባቸው ቀጠሮ ያዘ። ከመጀመሪያዎቹ አንድም ሰው አልሄደም፤ ከኋለኞቹ ግን ያልሄደ አልነበረም። ሃያ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በሥራዬ የማየው ከዚህ የራቀ አይደለም። በቁራጭ ወረቀት ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ከሸሚዝ ኪስ ወደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው የሚገባው።

ስብሰባው ራሱ ይጠቅማል ወይ ለሚል ሰው ደግሞ፣ ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን ግምገማ እጠቅሳለሁ፤ 27 ጥናቶችንና 10,565 ተሳታፊዎችን የመረመረ ነው። ሰዎችን በታቀደ መንገድ ከኤኤ ስብሰባ ጋር የሚያገናኝ ሕክምና፣ መጠጥን ሙሉ በሙሉ አቁሞ በመቆየት ረገድ ከሌሎች የታወቁ የንግግር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። «በታቀደ መንገድ የሚያገናኝ» የሚለውን ሐረግ ልብ በሉልኝ፤ ዝም ብሎ «ሂድ» ማለት ማለቴ አይደለም።

እንግዲህ ወደ እኛው አገር እንመለስ። በወሎ ከተሞች «የመጠጥ ማቆሚያ ስብሰባ እዚህ ነው» የሚል ታፔላ ፈልጎ የሚዞር ሰው ጫማውን ጨርሶ ይመለሳል። መጠየቅ የሚገባው ከደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው፤ ለዚያ የራቀ ደግሞ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምር፣ በአልኮል የተቸገረን ሰው መርምሮ መርዳት ከጤና ጣቢያ ሥራዎች አንዱ ነውና። ጥያቄው ግን «ቡድን አለ ወይ?» ብቻ ከሆነ «የለም» ተብሎ ያልቃል። «መጠጥ ያቆመና አሁንም እዚህ ለክትትል የሚመጣ፣ እሱ ፈቅዶ ከእኔ ሰው ጋር የሚነጋገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ባለሙያው የታካሚውን ስም አይነግራችሁም፤ መንገርም የለበትም፤ ነገር ግን የእናንተን ስልክ ወስዶ ለዚያ ሰው ሊያደርስ ይችላል። አዲስ አበባ ለሕክምና የሚሄድ ሰው ካላችሁም በአማኑኤል ወይም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሕክምናውን ጨርሶ ሲመለስ ማን እንደሚቀበለው ከመሄዱ በፊት አስቡበት፤ ከዚያ ወጥቶ ደሴ መናኸሪያ ሲወርድ ቀድመው የሚያገኙት የድሮ ጓደኞቹ ናቸው።

በስልክ የሚካሄዱ ስብሰባዎችም አሉ። ኤኤ በኢንተርኔት የሚያደርጋቸው ስብሰባዎች ዝርዝር ከሺህ በላይ ነው፤ በቪዲዮም በድምፅ ብቻም መግባት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም፤ ካሜራ ማብራትም ሆነ መናገር አይገደድም። እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው በሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ እንኳ የሚገባበት አንድ አያጣም። ከመቅደላ ወይም ከወሎው ቦረና ደሴ ድረስ በየሳምንቱ መምጣት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ መያዝ ብቻ አይርሳ፣ ግድግዳችን ስስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት ልምጣ፤ እንቅፋቱ መታየት ነው። እኛ መሰብሰብ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ቅሬ አለን፣ ዕቁብ አለን፣ የጽዋ ማኅበር አለን፣ ተሰብስበን ዱዓ የምናደርግበት ወዳጃ አለን። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ሰው የሚገባው በስሙ፣ በአባቱ ስምና በሰፈሩ ነው፤ የቀረ ሰው ይጠየቃል፣ ይቀጣል። የድጋፍ ቡድን ደግሞ የሚቆመው በተቃራኒው ነው፤ እዚያ ማንን እንዳየህ፣ ምን እንደሰማህ ከበሩ ውጭ አይወራም። ለአንድ ክርስቲያን ጠጪ መታየት ኀፍረት ሊሆን ይችላል፤ ለሙስሊም ጠጪ ግን ከዚያ ያልፋል፤ መጠጡ ሐራም ነውና ችግሩን መናገር ራሱ እንደ አዲስ ጥፋት ሆኖ ይታየዋል። በዚህ የተነሣ ብዙ ሙስሊም ወንድሞቻችን ለብቻቸው፣ በሌላ ከተማ፣ በጨለማ ይጠጣሉ፤ ሕክምና ሲመጡም እጅግ ዘግይተው ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ወጥቶ ስብሰባ የሚገባ ሰው ቢያጋጥማችሁ «እዚያው አጠገብህ የለም ወይ?» አትበሉት፤ ያን መንገድ የመጣው አጠገቡ ስለሌለ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ አንድ ሰው ለብዙ ምክንያት ሊገባበት የሚችል በር ምረጡ። የጤና ጣቢያ ግቢ ጥሩ ነው፤ ጎረቤት ቢያየው «ለደም ግፊት ነው» ሊል ይችላል። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ሆነ የመስጊድ ግቢ ለዚህ ሥራ አይመቸኝም፤ ንቀት እንዳይመስልብኝ፣ አባቶቻችን በዚህ ሥራ ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ግን አንዱ በር ሌላውን ወገን በደጅ ያስቀራል፤ እኛ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ሆነን የምንኖር ሰዎች ነን። መጀመሪያው ላይ ምርቃት ቢኖር አንዱ አሜን፣ ሌላው አሚን ብሎ ይቀጥላል።

ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ግን አንድ የሕክምና ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም አደጋ ሊደርስበት ይችላል። ካቆመ ስድስት ሰዓት ያህል ካለፈው ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። በእኛ አገር ይህ የሚበዛው መቼ ይመስላችኋል? ረመዳን ሲገባና ሁዳዴ ሲያዝ ነው፤ ሰውየው በቅን ልቡ ጾሙን ይዞ መጠጡን ይቆርጣል፣ በሁለተኛው ቀን ሲወድቅ ቤተሰቡ «ልክፍት ነው» ይላል። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ሰውየው ግን ቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ዲያዜፓምና ቫይታሚን ቢ1፣ በሐኪም መጠን ተሰጥተው፣ እነዚያን ጥቂት ቀናት ያሻግሩታል። ቀድሞ ሲያቆም ተንፈራግጦ የሚያውቅ ወይም ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የማይረጋለት ሰው ከስብሰባው በፊት ጤና ጣቢያ ይሂድ። «እኔ ጠላ ብቻ ነው የምጠጣው» ማለትም አያድንም፤ ከጠዋት እስከ ማታ የተጠጣ ጠላ ተደምሮ ያው ነው።

ውስጥ ገብቶ ምን ይሆናል? ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ያገኘ አዲስ ገቢ እፎይ ይላል። ስብሰባዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ቤተሰብም ባለሙያም የሚገባባቸው ክፍት ስብሰባዎችና መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ የሆኑ ዝግ ስብሰባዎች። ሚስት ወይም ወንድም ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮ ሊገባ ከፈለገ ስብሰባው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሰዎች በየተራ ስለራሳቸው ይናገራሉ፤ ሌላው አያቋርጥም፣ ሲጨርስም አይመክርም። ይህ ለእኛ ከሁሉም የሚከብደው ነው። (እዚህ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ሳቁ፤ ያወቁት ነገር አለ።) እኛ ስንሰማ የምንሰማው ለመምከር ነው፤ ሰውየው ገና ሳይጨርስ «አንተ ልጅ፣ የእናትህን እንባ አታይም?» እንላለን። እንባዋን ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል። መናገር ካልፈለገም «ዛሬ ልስማ» ብሎ ተራውን ያሳልፋል፤ ማንም አይጫነውም።

መሐላም የለም። ብዙ ሰው ከዚህ በፊት በታቦት ፊት ወይም ሼኽ ዘንድ ምሎ አቁሞ፣ ከዚያ አፍርሶ፣ ከማፍረሱ ኀፍረት የተነሣ ይበልጥ ጠጥቷል። በስብሰባው የሚያዘው የዛሬ ቀን ነው፤ ዛሬ አልጠጣም፣ ነገን ነገ እናየዋለን። የአባልነት መስፈርቱም መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው፤ ክፍያ የለም፣ ለሻይና ለክፍል የሚሆን ማዋጣት በፈቃድ ነው። የመግቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ «በሦስት ቀን አድናለሁ» የሚል፣ ወይም የሰማውን ለቤተሰብ የሚያመላልስ ሰው ያለበት ቦታ ከገባችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ግን ትንሽ አይደለችም። አዲስ ሰው ሲመጣ ሻዩ እስከ ብርጭቆው ግማሽ ብቻ ይቀዳለታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሙሉ ብርጭቆ ከሰጣችሁት ወይ ይደፋል፣ ወይ ሳይነካው ይቀዘቅዛል፣ እሱም ሁሉ ሰው እንዳየበት ያስባል። ይህን የሚያውቀው እንዲያ ሆኖ ያለፈ ሰው ነው፤ ቡድኑ ከእኔ ዓይነቱ ባለሙያ የሚበልጠውም በዚህ ነው።

ሰዓቱን በሚመለከት የምለው አንድ ነገር አለ፤ ስብሰባው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሁን። ከቀትር በኋላ ጫት የቃመ ሰው ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ ለጨብሲ፣ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው። መጠጥ አቁሞ ጫቱን የቀጠለ ሰው ያቺን ሰዓት ብቻውን የሚያልፋት ከሆነ እንደማይዘልቅ በብዙዎች አይቻለሁ፤ ስለ ጫቱም ቡድኑ በግልጽ መነጋገር አለበት። ከማታ ሌላ ደመወዝ የሚወጣበት ቀንና የገበያ ቀንም ክፉ ናቸው፤ ለባቲ ነጋዴ ሰኞ ማታ ከሌላው ማታ ሁሉ ይብሳል።

ሴቶችን በሚመለከት ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ብዙ ጊዜ ስለማይነሣ። በስብሰባ የምናስበው ጠጪ ወንድ ነው፤ ሴቷ የምትታየን የጠጪ ሚስት ሆና ነው። ለእሷም በእርግጥ ቦታ ያስፈልጋታል፤ እ.ኤ.አ. በ1951 አል-አኖን የተባለው የቤተሰቦች ኅብረት የተመሠረተው ለዚሁ ነው፤ ባልየው ቢያቆምም ባያቆምም እሷ ከመሰሎቿ ጋር ትነጋገራለች። ነገር ግን ራሷ የምትጠጣ ሴትም አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠላ የምትጠምቅ ወይም አረቄ የምታወጣ ናት። ጥንስሱን ትቀምሳለች፣ አረቄው መጠንከሩን ትቀምሳለች፣ ደንበኛ «ቅመሺልኝ» ሲላት ትቀምሳለች፣ ሌሊት ጀሪካኑ አልጋዋ ሥር ነው። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ነው። እንዲህ ላለች ሴት በመጀመሪያው ቀን «ሥራሽን ተዪ» የሚላት ቡድን ሁለተኛ አያያትም። የሚሻለው መቅመሱን ለእኅቷ ወይም ለጎረቤቷ እንዴት እንደምትሰጥ፣ ሌላ መተዳደሪያም እስክታገኝ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልጋት ከሌሎች ሴቶች ጋር መነጋገሯ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ረፋድ ይሁንላት፣ ማታ ከቤት ብትወጣ የሚጠረጥራት ብዙ ነው፤ ሴቶች ለብቻቸው ቢሰበሰቡም እመርጣለሁ።

የቅሬ ዳኞች፣ ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በጠብ ወይም በመዋጮ መቅረት የተነሣ የሰውን መጠጥ ቀድማችሁ የምትሰሙ እናንተ ናችሁና፣ ጉዳዩን ወደ ጉባኤ አታውጡት፤ ከመካከላችሁ ምስጢር የሚይዝ አንድ ሰው መርጣችሁ እሱ ብቻ ያነጋግረው፣ እሱ ይደውል፣ እስከ በሩ እሱ ይሸኘው። ሁለተኛው፣ በለቅሶና በሠርግ ቤት ጠላ በሚቀዳበት ሁሉ ቀሪቦም ይቀዳ፣ በተመሳሳይ ብርጭቆ። መጠጥ ያቆመ ሰው በእኛ አገር የሚፈተነው ግሮሰሪ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ የሚወዳት አክስቱ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን!» ብላ ስትይዘው ነው። ብርጭቆው ሙሉ ከሆነ ማንም አይለምነውም።

ከንግግሩ በኋላ አንድ እናት ከውጫሌ መምጣታቸውን ነግረውኝ «እኛ ዘንድ ቡድን ከሌለስ?» ሲሉ ጠየቁ። ሁለት ሰው ካለ ይጀመራል አልኳቸው፤ አክሮንም ሁለት ነበሩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በማይለወጥ ሰዓት፣ ሻይ ባለበት፣ አንድ ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው። ሦስተኛውን ከጤና ጣቢያ ጠይቁ። አንዱ ቢቀር ሌላው ቁጭ ብሎ ይጠብቅ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት በዚያው ሰዓት ይገኝ።

ሌላ ሰው ደግሞ ጠጥቶ ስለሚመጣ አባል ጠየቀ። አይባረርም። ለዚያ ቀን እንዲሰማ እንጂ እንዳይናገር ይነገረዋል፣ ከረበሸም አንድ ሰው ይዞት ወጥቶ ሻይ ያጠጣዋል፣ ብቻውን ግን አይሰናበትም፤ እስከ ቤቱ የሚሸኘው ሰው ይመደባል፣ ያው ሰው በማግስቱ ረፋድ ይደውልለታል፣ በሚቀጥለውም ስብሰባ ወንበሩ እንደ ቀድሞው ይጠብቀዋል።